ናፍጣና ግድግዳው

ከቆመ ፉርጎ ሥር ጎትቼ ሳወጣ፣
ዘይት ነክሮት ነበር፤ ስሙን አልኩት «ናፍጣ»።
ስምንት ዓመት ሆነን፤ እኔ በስፌት መኪና
ሱሪ ስጠቀምቅ፣ እሱ በር ላይ ተጋድሞ
ሲጠብቅ የከዚራን ጎዳና።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
ሌሊት ድምፅ ሰማሁ፤
ማነው ግድግዳዬን በጨለማ የሚልጥ?
አምፖሉን አበራሁ።
ናፍጣ ነው። ዐይኑን ጨፍኖ፣ እንደሚጸልይ ሰው፣
ምላሱ እስኪነጣ ኖራውን ላሰው።

«ሙቀት ነው» አልኩና ውሃ ቀዳሁለት፤
አሽትቶ ተወና ጀርባ አዞረበት።
ሲነጋ መዳፉን፣ ቀትር ላይ ብረት፣
የመቀስ እጀታ፣ ያልጠረግሁት መሬት፤
ማታ ተመልሶ፣ ያችኑ ግድግዳ፣ ያችኑ ቦታ።

ጎረቤቴ ሮብሌ ጫቱን እየቃመ፣
«ጨው ነው ያማረው» አለ፤
«ግመልም ይልሳል፣ ጨው ሳያይ ከከረመ።»
ባለሱቋ የሻረግ «እብደት ነው» አለችኝ፤
ልጇን ወደ ውስጥ ሳበች፣ ደጄን ራቀችኝ።
እኔ ግን «አመል ነው» አልኩ። አመል ማለት ይቀላል፤
ያልገባን ነገር ሁሉ ስም ካገኘ ያልፋል።
በመጥረጊያ መታሁት።
መጥረጊያውን ላሰው።

ከደቻቱ ማዶ ሐኪም አለች ሲሉኝ
በባጃጅ ወሰድኩት፤ ሾፌሩ እየሳቀ
የሁለት ሰው ሂሳብ ቆጥሮ ተቀበለኝ።
ዶክተር ኢፍቱ ወጣት ናት፤ ፍየል ወግታ ስትጨርስ
እጇን ታጥባ መጣች፣ ጥያቄዋን ልታፈስ፦
«መቼ ጀመረው? ይበላል? ያስመልሰዋል?
ውሃ ያበዛል? ሲያኝክስ አፉን ያመዋል?»
አንዱንም አልመለስኩ። አፈርኩኝ ባጣሁት፣
ስምንት ዓመት ሙሉ እያየሁ ያላየሁት።

«ምላስ ነው የሚያወራው» አለች ሆዱን ይዛ፣
«ሲያጥወለውለው ወለል ይልሳል፤ ጥርሱ ሲነቅዝ ከንፈሩን፤
ቆዳው ሲያሳክከው፣ ጉልበቱን ሲቆረጥመው፣ መዳፉን፤
ኩላሊቱም ቢደክም፣ ብቻውን ውሎ ቢከፋው፤
ሁሉም ባንድ ምላስ ነው። እስቲ ከንፈሩን ግለጠው።»

ገለጥኩት።
ድዱ ነጭ ነው፤
ሱሪ እንደምሰምርበት ጠመኔ።
ከጆሮው ጀርባ ፀጉሩን ከፈለችው፤
መዥገር፣ እንደ ጉሎ ፍሬ ያበጠ፣
እንደ ሸሚዝ ቁልፍ በሰልፍ የተቀመጠ።
«ደሙን ጠጥተውታል፤ ገና በመርፌ ቀድቼ አያለሁ፤
ደም ሲያንሰው ፍጥረት አፈር ያምረዋል፣ ኖራ ያምረዋል፤
ይሄ አመል አይደለም።»

አመል አይደለም።

ገንደ ቆሬ ስንኖር፣ ከጭቃው ግድግዳ፣
እህቴ ደብሪቱ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ በጥፍሯ ፍቃ ፍቃ
አፈር ትበላ ነበር፣ ከሰው ተደብቃ።
ያየኋት እኔ ነኝ፤ ያሳበቅሁ እኔ፤
«አመሏ ነው» ያልኩት፣
አሥራ አንድ ዓመቴ ነው ያኔ።
ሳቁባት። ጣቷ ላይ ሬት ቀቡላት።
ከንፈሯ ነጭ ነበር፤ የገለጠው የለም፤
«ይደክምሻል?» ብሎ የጠየቃት የለም።
በወለደች ሌሊት ያላት ደም አልበቃ።

ናፍጣ ክኒኑን በጉበት ጠቅልዬ ይውጣል።
ድዱ ቀላ ብሏል፤ ሌሊትም ይተኛል።
መዳፉን ግን አሁንም፣ አልፎ አልፎ ይልሳል፤
ኢፍቱ «አምጣው» ብላለች፣ ሌላም ነገር ይኖራል።

ኖራ ገዝቼ ነበር፤ ቆርቆሮው አልተከፈተም።
የገንደ ቆሬው ቤት ጎርፍ ወስዶታል፣ የለም፤
የጥፍሯ ጉድጓድ ግን
እዚህ፣ ከአምፖሉ ሥር፣
በናፍጣ ምላስ ልክ።