መሬት ያጣ ሽቦ

በግራ ልታጠፍ ፍሬቻ ባበራ፣
ቀኙ ብልጭ ይላል፤ ዝም ይላል የግራ።
ፍሬኑን ብረግጠው፣ ቀይ ማብራቱ ቀርቶ
የጓዳው አምፖል ነው የሚያቃስት ፈዝቶ።

«ሽጪው» አለኝ ሌስተር፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣
ከፒክአፑ አልወረደም፣ ሞተሩንም አላጠፋም።
«የሃምሳ ዓመት ሽቦ ማን ፈቶ ይዘልቀዋል?
አንዱን ስትይዢው ሌላው ያመልጥሻል።»

እኔ ግን ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳሁ ሴት ነኝ፤
በሳስካችዋን ጥር፣ ከዜሮ በታች አርባ ሲሆን፣
የማይነሣ ሞተር ለምኜ ያስነሣሁ።
ሽቦ አያስፈራኝም።

ብሪንን ጠራኋት፣ የጎረቤቴን ልጅ፣
አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ስልኳ ከእጇ የማይለይ።
«መኪናው ውስጥ ግቢና ስጮህ ፍሬን ርገጪ።»
ረገጠች። «ምን በራ?» አለች አንገቷን አውጥታ።
«ሁሉም ትንሽ ትንሽ፤ አንዱም ግን በደንብ አይደለም።»
«እንደኛ ቤት» አለች።
አልሳቅሁም። በኋላ ሳቅሁ።

ፊውዙን አወጣሁት፤ ክሩ አልተበጠሰም።
ባትሪው ላይ ቴስተሩ አሥራ ሁለት ተኩል ቮልት ቆጠረ፤
ኃይሉ ከነክብሩ አለ።
የመሰኪያው አፍ አረንጓዴ፣ እንደ አሮጌ ሳንቲም፤
በኮምጣጤና በጥርስ ብሩሽ ፋቅሁት፤
ትንሽ ደመቀ፣ እንደገና ፈዘዘ።

የጣራውን ላሜራ በካቻቢቴ ስፈታው
የሽቦው አንጀት ፊቴ ላይ ተዘረገፈ።
ነጩ ቡኒ ሆኗል፣ ቡኒው ስም የለውም፤
አይጥ የቀመሰው አለ፣ ናስትሮ የተጠመጠመበት አለ፤
በየናስትሮውም ላይ የአርቪድ የእጅ ጽሑፍ፣
ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፦
«የመኝታ መብራት»፣
«አትንኪ»፣
«ይኼ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፣ ግን ይሠራል»።
ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።
«አትንኪ» ያለውን አልነካሁም።

የመጣ እንግዳ ሁሉ መመለሻ ይሻል፤
በሩ ሲዘጋበት በሰው ቤት ያልፋል።
በግራው ገብቶ ነው በቀኙ የሚወጣው፣
በጓዳችን ሾልኮ አምፖል የሚያፈዘው፤
ሌባ አይደለም፣ ምስኪን፣ መሬቱን ቢያጣ ነው።

ሣሩ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ከሻሲው ሥር ገባሁ፤
ሰባ አንድ ዓመት፣ አንድ የተተካ ጉልበት፤
ነጩን ሽቦ በጣቴ ተከተልኩት፣ እስከ መጨረሻው።
ቡሎኑ አለ። ሽቦው አለ። ዳዶው አልላላም።
በመካከላቸው ግን ቀለም፣
አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ።

ያኔ አስታወስኩ። የመጨረሻው በጋ፣
ትንፋሽ እያጠረው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣
ሽቦውን ፈትቶ ብረቱን ሁለት ጊዜ የቀባበት፣
ሲደርቅም በቀለሙ ላይ መልሶ ያሠረበት።
«ዝገት እንዳያገኝሽ» ይላት ነበር፣
ተጎታቿን እንደ ሴት እየጠራ።
ዝገት አላገኛትም።
መሬትም አላገኛትም።
ሊቀባው ብሎ ቀበረው።

ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ፋቅሁ፤ ይቅርታ እያልኩ ፋቅሁ፤
አንዲት ሳንቲም የምታህል ቦታ ብቻ፣
ብረቱ ከሥር ነጭ ሆኖ ብቅ እስኪል።
የቀረውን ቀለም እንዳለ ተውኩት።
ሽቦውን አሠርኩ፣ ዳዶውን አጠበቅሁ።
«ብሪን! ርገጪ!»

ቀላ። ሁለቱም፣ እኩል፤
ቅላቱ ሣሩ ላይ፣ ጫማዬ ላይ ወደቀ።
«ግራ!» ግራው። «ቀኝ!» ቀኙ።
የጓዳው አምፖል ዓይኑን አላርገበገበም።
«አይወጡም እንዴ?» አለች ብሪን።
«ጉልበቴ ነው፣ ትንሽ ቆዪ» አልኳት፤ አመነችኝ።

ከኪሴ ናስትሮ ቀደድኩ፤
ተንጋልዬ ስጽፍ እስክሪብቶው እምቢ እያለኝ፣
ከቡሎኑ አጠገብ ለጠፍኩት፦
«መሬቱ እዚህ ነው። ቀለም አይቀባ።»