ጣቢያ ቁጥር ሰባት

ከባልቲክ በታች፥ ከድንች ማሳው ማዶ፥
ሀዲዷ ተነቅሎ፥ እንጨቱ ተማግዶ፥
ትሬምዞ የምትባል አንዲት መንደር አለች።
በእሳት አደጋ ቤቷ፥ በቀዩ መኪና ጎን፥
ጠረጴዛ ዘርግተን፥ አምስት ወንበር ደርድረን፥
በየአምስት ዓመቱ ድምፅ እንቆጥራለን።

ሰብሳቢዋ ጉድሩን ናት፥ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፤
ቁልፍ በሹራቧ ኪስ፥ መነጽር ባንገቷ።
እኔ የተማሪ አውቶቡስ የምነዳ፥
የዜግነት ወረቀቴ ቀለሙ ያልደረቀ፥ የመንደሩ እንግዳ።
"መሪ የጨበጠ እጅ ቆጠራ አይስትም፥"
አለችና አስማለችኝ፤ ማንም አልተቃወመም።

መዝገቡ ወፍራም ነው፥ ጥርዙ የላም ቆዳ።
"ያኔ" ትላለች ጉድሩን፥ "መምረጥ አንልም ነበር፥
ማጠፍ ነው የምንለው፤ ወረቀት ተቀብሎ፥ አጥፎ መጨመር።
መጋረጃ ያለው ክፍል ከወዲያ ጥግ ነበር፤
ወለሉ ሳንቃ ነው፥ ሲረግጡት የሚናገር።"

ንብ አርቢው ዊንፍሪድ አንድ እሁድ ተነሳ፤
ሳንቃው ሲጮህ ተሰማ፥ ሲሄድም ሲመለስም፤ እርሳስ ነው ያነሳ።
በር ላይ የቆመው ሰው ስሙን አሰመረበት፤
መስከረም ሲጠባ፥ ለልጁ የዩኒቨርሲቲው በር ተዘጋበት።
መዝገቡስ? ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ፤ ነቁጥ እንኳ የለበት።

ግንቡ በፈረሰ በዓመቱ፥ ጥቅምት ላይ፥
ሰልፉ ከበር ተነስቶ ከውሃ ፓምፑ በላይ።
አራት መቶ አስራ ሁለት ሰው፥ የታመመው በቃሬዛ፤
ዊንፍሪድ ከሁሉ ቀድሞ፥ ጫማው ርሶ በጤዛ።

ያን ቀን የእንስሳት ሐኪሙ፥ ኤክሃርት፥ አሸነፈ።
ፓርቲውን የጠየቀ የለም፤ ስንት ጥጃ እንዳተረፈ፥
በስንት ሌሊት ክንዱ በላም ማህፀን እንዳለፈ፥
ያ ነበር ፕሮግራሙ።
እንደራሴ ማለት ይኸው፥ አልኩ ገጹን ሳገላብጥ፥ በገዛ ልሳኔ፤
እንደ ራሴ የሚቆሽሽ፥ እንደ ራሴ የሚበርደው፥ አንድ ሰው ከጎኔ።

ከዚያ ቁጥሩ ይወርዳል።
ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት፤ ወተት ቤቱ ተዘጋ።
ሁለት መቶ ሰባ አንድ፤ ወጣቱ ሐምቡርግ ተጠጋ።
መቶ ዘጠና፤ ሐኪሙ ሞተ፥
ምርጫ ክልል አስራ ሁለት ከዘጠኝ ጋር ተሰፋ።
ክልሉ ሰፋ፤ ሰዉ ሳሳ፤
እንደራሴው ፎቶ ሆነ፥ ምሰሶ ላይ የሚስቅ፥ በማያውቀው አበሳ።
የማታው አውቶቡስም ቀረ። እኔ ነበርኩ የምነዳው።

ባለፈው መስከረም፥ በመላው ክልል፥ ሁለት እጩዎች እኩል ወጡ።
ድገሙት ተባለ፤ በሌሊት ኮሮጆዎች ተገለበጡ።
(ተገለበጡ ስል፥ ሀገሬን የምታውቁ፥ አትደንግጡ፤
ለቆጠራ ነው።)

በእኛ ጣቢያ አንድ ወረቀት፥ ምልክት የሌለው፤
በሰማያዊ ቀለም፥ በተንጋደደ ፊደል፥ ይህ ነው የሰፈረው፦
"የማታው አውቶቡስ ይመለስ።"

ጽሕፈቱን አወቅሁት። ማክሰኞ ማክሰኞ፥ ከኩላሊት እጥበቷ
ስትመለስ፥ ከኋላዬ ተቀምጣ፥ የገበያ ዝርዝር የምትጽፍ፥ እስክሪብቶ በጣቷ።
ስሟን አልነግራችሁም፤ ምያለሁ።
አንድ ጭረት ብትጨምር፥ ለዚያም ሆነ ለዚህ፥
ሚዛኑ ያጋድል ነበር።

ጉድሩን መነጽሯን አወለቀች። "ሐሳቡ ግልጽ ነው፥" አለች፥ "ምርጫው ግን ግልጽ አይደል።
ዋጋ አልባ ነው የምትሉ?"
አምስት እጅ ወጣ፤ የኔም እጅ መሃል።
ድምፅ አይደለም ተባለ።
ከመቶ ሠላሳ ሦስቱ ወረቀት ሁሉ
እሱ ብቻ ነበረ የሚሰማ።

ዕጣ ወጣ በከተማው፥ ከሸክላ ጎድጓዳ ሳህን፤
ካሜራ፥ ጭብጨባ፤ የእነሱ ዕጣ ወረቀት፥ ዕጣ ፈንታችን ሆነን።

የሚቀጥለው በፖስታ ነው፤ ጣቢያ ሰባት ተዘግቷል።
ሣጥኑን ጉድሩን ወሰደች፤ የዘር ድንች ተኝቶበታል።
መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው። የመጨረሻው ገጽ
በገዛ እጄ ጽሕፈት እንዲህ ይነበባል፦

ዋጋ ያላቸው ድምፆች፥ መቶ ሠላሳ ሁለት።
ዋጋ የሌለው፥ አንድ።