ለካ

መርማሪው ከደጋ መጣ፣ ከቀዝቃዛው አገር፣
ኮቱን ደረጃው ላይ አወለቀ፣ ገና ሳይጀምር ነገር።
«ምክንያቱን በአጭሩ» አለኝ፣ ቅጹን እያሳየ፤
የቅጹ መስመር አንድ ነው፤ የእኔ ጉድ ግን ስንት ቀን ቆየ።

ከየቱ ልጀምር?
ከሃንጋሩ ጀርባ፣ ከጥቅምት ወዲህ ጠብ ጠብ ከምትለው ቧንቧ?
ሁላችን እጅ ታጥበንባት «አንድ ሰው ያሠራት» ከምንላት?
ደቻቱ እንኳ አሸዋውን ታቅፎ በተኛበት ሐሩር
ጭቃ ያላት እሷ ብቻ ነበረች።

ወይስ ከቀይዋ ጨርቅ፣ ከቱቦዋ ሽፋን?
ስፌቷ ተተርትሮ አርብ ለት ቀፊራ ወሰድኳት፣ ለአው ሚስባህ።
«ነገ» አሉኝ።
ቅዳሜ የሠርግ ልብስ ይዟቸው፣ «ነገ»።
እሑድም «ነገ»።

ሦስት ሌሊት ራቁቷን አደረች ያቺ ቱቦ፣
ከትንሽ ጣቴ የማትበልጥ፣ ነፋስ ውጣ ፍጥነት የምትናገር።
እሷም መጣች፣ ወገበ ቀጭኗ ተርብ፣
ከቧንቧው ሥር ጭቃ ጠቅልላ፣
ምስር የምታህል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤
እንዲህ ያለ ግንበኛ ከዚራ ሙሉ አይገኝም።
ሸረሪት አስተኛች፣ እንቁላል ጣለች፣ በሩን ለስና ሄደች።
«ነገ» የሚባል አታውቅም።

ሰኞ ንጋት፣ መንጋው ሽንሌ አርፏል ተባለ፤
ካፒቴን ጉሌድ መድኃኒቱን አስሞልቶ «ሳይሞቅ ልድረስ» አለ።
ዝርዝሩ «ሽፋን ተነሥቷል?» ይላል። «አዎ» ብዬ ፈረምኩ።
ውሸት የለበትም፤ ከአርብ ጀምሮ ተነሥቷል።

ሮጠች። ጅራቷ ተነሣ።
መርፌው ግን ዜሮ ላይ ተኛ፣ ጭነት እንደጠላ አህያ፤
«ልነሣ? ልቅር?» ሲል ካፒቴኑ፣
አስፋልቱን ለቀቀች፣ ቁልቋሉን ታቀፈች፣
ፕሮፔለሯ እንደ ሙዝ ልጣጭ ታጠፈ።
ለመንጋ የወጣችውን አንዲት አስቀመጠቻት፤
የተርብ ተረብ ይሏል ይኼ ነው።

በመስኮት ወጣ፣ ክርኑ በእሾህ ተወጋግቶ፣
«አልለካም» አለኝ፣ ሌላ ቃል አጥቶ።
ቱቦዋን በሽቦ ወጋሁ፤
ደረቅ አፈር መዳፌ ላይ ፈሰሰ፣
አንዲት ነጭ ትል፣ ከነስንቋ።
አልለካም፤
ለካ።

መርማሪው «ባዕድ አካል» ብሎ ጻፈ።
ባዕድ?
የቧንቧችን ጭቃ፣ የግቢያችን ተርብ፣ የእኔ ፊርማ፤
ከዚህ የቀረበ ዘመድ ከየት ይመጣል?

ማክሰኞ አው ሚስባህ ልጃቸውን ላኩ፤
ቀይዋ ጨርቅ፣ በድርብ ስፌት፣ «ስለዘገየ ክፍያ የለም» ብለው።
ሸራ ለብሳ በቆመችው ላይ አጠለቅኳት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።
ከዚያ እጄን ልታጠብ ወደ ጀርባ ዞርኩ፤
እግሬ ሥር አንዲት ተርብ ጭቃ ትጠቀልላለች።
«ይቺን ቧንቧ» አለ ዋርዲያው፣ «አንድ ሰው አያሠራትም?»
«ነገ» አልኩት።