ቁጥር አሥራ ሰባት

ሻርጃ፣ ሮላ መንደር፣ ከላውንደሪው ቤት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ካውያ ስገፋበት፣
ጓደኛ ወርቅ ገዛ፣ ጓደኛ ቤት ሠራ፤
እኔ ግን... ልናገር? እንዳትስቁ አደራ።
የሰበሰብኩት ሀብት ሥዕል ነው በመጽሐፍ፣
ካባ የደረበ ጀግና ሲከንፍ።

ጥፋቱ የኔ አይደል፤ የደንበኛችን ልጅ
ከከንዱራው ኪስ ውስጥ ረስቶት ነው እንጂ።
ልመልስለት ብል፣ «አድጌያለሁ» አለኝ፤
እሱ ገና ዘጠኝ፣ እኔ ሠላሳ ነኝ።

ዓረብኛ ንባብ ያኔ መች ለመድኩኝ፣
እንደ አገሬ ፊደል ከግራ ጀመርኩኝ።
ጀግናው ሌባውን ይዞ ከወህኒ ያወጣዋል፣
ያጮለውን ጥፊ ከፊቱ ያነሣል፣
ሌባው ወደ ባንኩ ኋሊት ይሮጣል፣
ከረጢቱን ፈትቶ ብሩን ያስቀምጣል።
«እንዴት ያለ አገር ነው!» አልኩኝ በልቤ፣
ሦስት ወር ከረምኩኝ በዚሁ ሐሳቤ፤
ቁርአን ቤት ያደገው የባቲው ሙርሰል
«ገልብጠህ ይዘኸው!» ብሎኝ እስኪገላገል።

ከዚያ ወዲያማ በቃ።
ዓርብ ዓርብ ሰው ሁሉ ዘመድ ሲጠይቅ፣
እኔ አሮጌ ተራ ካርቶን ሳስጨንቅ።
አራት መቶ ስድስት፣ በላስቲክ በላስቲክ፣
አንዱም እንዳይላብ፣ አንዱም እንዳይነካ፣
ከጫማ ሳጥን ውስጥ «አትብሉኝ» የምትል
ጨው መሳይ ከረጢት በየሆዱ ስጥል።
የባሕሩ ወበቅ እኔን ያቅልጠኝ፤
አልጋ ሥር ነው ሀብቴ፣ እግሬ ውጭ ይደርልኝ።
(እኅቴ ትጽፋለች፦ «ካርጎው መቼ ነው ሚደርስ?»
ምን ልበላት? «ጀግና ነው፣ አይታጠፍ እንደ ልብስ»?)

በተኳሽ ዓይን ሳየው ግን የሚከነክነኝ፣
ካባው አይጨማደድም፤ ይኼ ነው የገረመኝ።
እሳት ውስጥ ይገባል፣ ባሕር ውስጥ ይሰምጣል፣
ሲወጣ እንደ ሙሽራ መስመሩን ጠብቋል።
ማን ተኮሰው? መቼ? ሒሳቡስ ስንት ድርሃም?
ከአራት መቶው አንድ ገጽ ተኳሽ አላየሁም።
ደግሞ ሁለት ጣት ጨርቅ ዓይኑ ላይ ሲያስር
እናቱም አታውቀው፣ ፊቱ ቆማ ስትዞር፤
እኔ ጢሜን ብላጭ መታወቂያ ሳድስ
«አንተ አይደለህም» ተባልኩ፣ ጢሙ እስኪመለስ።

አንድ ጉድለት ነበረኝ።
ቁጥር አሥራ ስድስት፦ ጀግናው ከማማ ጫፍ
ቁልቁል ይወረወራል፣ ካባው ሳይዘረጋ፣ ክንፍ ሳይኖረው ክንፍ።
«ይቀጥላል» ይላል።
ቁጥር አሥራ ስምንት፦ ሰርግ ላይ ተቀምጦ
ማንጎ ይጠጣል፣ እግሩን አመሳቅሎ፣ ተመቻችቶ።
አሥራ ሰባት የለም!
ሃያ ዓመት በሙሉ፣ ካውያው ሲመላለስ፣
እኔው ነኝ ያዳንኩት፣ ሸሚዝ ባለቀ ቁጥር፣ ምድር ሳይደርስ።
አንዴ ግመል ጀርባ፣ አንዴ ድንኳን አናት፣
አንዴ በኛው መኪና፣ አንሶላ ክምር መሐል ጣልኩት፤
ሹፌሩ እኔ ነበርኩ። (መንጃ ፈቃድ የለኝም።)

ባለፈው ሐምሌ ወር አጅማን አገኘሁት፣
እንደታሸገ ነው፣ ዘጠና ድርሃም ገዛሁት።
ግን መክፈት አቃተኝ። ከትራሴ ሥር አደረ፤
ሃያ ዓመት ያዳንኩት በሰው እጅ ሊድን ነበረ?
ከላይ የሚተኛው የኬረላው ኩንሂ
ሥራ ስሄድ ጠብቆ፣ በሽንኩርት ቢላ... እሺ፣
እሺ፣ ከፍቶ አየው! ፊደሉን ባያውቅ፣
ሥዕሉ በቃው፤ ማታ ስገባ ይስቃል፣ ሆዱ እስኪርቅ።
«ልንገርህ እንዴት ዳነ?» «ዝም በል!» «ልንገርህ?» «ተው!»
«እንግዲያው ይህቺን ሸሚዝ ኮሌታዋን ጠበቅ አድርገህ ተኩሰው።»

እነሆ ኩንሂ ዛሬ ሮላን ሲያቋርጥ፣
እጥፋቱ ቢላ፣ ነጭነቱ የሚያፈጥ፤
ያን ካባ ማን እንደሚተኩሰው ገባኝ፣
አንድ ሞኝ ይኖራል፣ ምሥጢር የሚፈራ፣ እንደኔ ያለ ቂለኛ።
ጀግናው ገና አየር ላይ ነው። ኩንሂ ከትናንት ጀምሮ
ሱሪም ጨምሮ።