ሳቅ አይፈቀድም

ማክቫላ ገባች፣ ጃንጥላዋን አራግፋ፣
የልጅ ልጇን በጎኗ አቅፋ፤
የባቱሚ ዝናብ እስከ ምንጣፌ ተከተላት።
«ለፓስፖርት ነው» አለችኝ፣ «እናቱ ናፖሊ ናት፣
የሰው አሮጊት ማስታመም ከጀመረች ዓመት ሞላት።»

ሕጉ ግድግዳዬ ላይ ነው፤
ጀርባው ነጭ፣ ዓይን ግልጥ፣ አፍ ግጥም፣
የሚደግፍ እጅ አይታይም፣
ሳቅ አይፈቀድም።

ነጭ አንሶላ አለበስኳት፣ ወንበር መሰለች፣
ከጨርቁ ሥር ሆና አንገቱን ደገፈች።
ሳንድሮ ግን ኮርኒሱን ያያል፣ ጫማውን ያያል፤
ባፏጭ፣ ባጨበጭብ፣ እኔን ማን ያየኛል?

«እናቱን ደውልላት» አለ አንሶላው።
ስልኩን ከሌንሱ በላይ ያዝኩት፤
ብቅ አለች፣ የሰው ኩሽና ውስጥ፣ እጇ እንደራሰ።
ዞረ።
ያሉትን ጥርሶች ሁሉ አውጥቶ ሳቀ።
ዐሥር ጊዜ አነሳሁ፤ ዐሥሩም ሳቅ፣
ዐሥሩም መሥሪያ ቤት የማይጸድቅ።

«ልዝጋው» አለች እሷው፣ ከዚያ ማዶ።

ስልኩ ጠቆረ።
ልጁ ጥቁሩን መስታወት አየ፤ ቆየ፤
አፉ ገጠመ፣ ዓይኑ ተገለጠ፣
ልክ እንደ ሕጉ።
ቀጭ አደረግሁ።

ማክቫላ ከአንሶላው ወጥታ፣ ጸጉሯ ተንጨባርሮ፣
ፎቶውን አራቀችው፣ አቀረበችው።
«እሱን አይመስልም» አለች። «ግን ያልፋል?»
«ያልፋል» አልኳት።