የቀኝ ኋላ

ድንች ጭኜ ነበር፣ አሥራ ሁለት ጆንያ፤
ቁልቁለቱ አልቆ፣ ከዴራ ወዲያ፣
ሽታ ገባ በመስኮት፤ የተለበለበ ቀንድ ነው ወይ ፀጉር፤
መኪናዋም ከበደች፣ ጭቃ እንደያዘው እግር።
ነዳጅ ብረግጥ አትበር፣ ብተዋት አትንሸራተት፤
ሜዳው ዳገት ሆነባት።

አዳማ ስደርስ ቀትር ነው። ነፋሱ አቧራ ያፍሳል፤
የቀኝ ኋላው ጎማ ግን ከፀሐይም ይብሳል።

የጋሽ ቡልቻ ጋራዥ፣ ከወንጂ መታጠፊያው ጥግ፣
ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ቁጭ ብድግ።
«ሸራው አልቋል» አልኩት፣ አዋቂ ለመምሰል፤
«ቀይረውና ልሂድ፣ ገበያው ሳይበተን፣ ድንቹ ሳይበስል።»

ሰማኝ፤ አልመለሰም። በሃይላንድ ውሃ ያዘ፣
እንደ ጠበል ረጪ መኪናዋን ዞራት፣ ቀስ እያለ፣ እያነከዘ።
የፊት ግራ፤ ዝም። የፊት ቀኝ፤ ዝም፤ ውሃው ወርዶ ጭቃ ሆነ።
የኋላ ግራ፤ ለብ ያለ፤ ጠብታው ቆይቶ ተነነ።
የኋላ ቀኝ ላይ ግን ጠብታዋ ጭስስ አለች፣ ዘለለች፤
ሌላ ቢጥል፣ ብረቱን ሳትነካ አለቀች።

«አራቱም ቢግሉ፣ ቁልቁለቱን ነው የምወቅሰው፤
ሁለቱ ቢግሉ፣ እግርህን፣ ከፍሬን ላይ የማይነሣው፤
አንዱ ብቻ ከጋለ ግን...» አለና ተወው።

ክሪክ ገባ። ጎማው ተንጠለጠለ። በሁለት እጅ ቢያዞረው እምቢ።
እኔም ገፋሁ። እምቢ።
«መተንፈሻ ቡሎኑን ፍቺ» አላት ተለማማጇን። ኢፍቱ ፈታች፤
የጠቆረ ዘይት ወጣ፣ ጠብ ጠብ፤ መኪናዋ ግን አልተፈታች።
«ዘይቱ ወጥቶም ይዟል። እንግዲህ ፖምፓው ንጹሕ ነው፤
ጥፋቱ ከእግርህ አይደለም። ከእጅህ ነው።»

የእጅ ፍሬኑን ካቦ ከጫፉ ሲያላቅቅ
ጎማው በአንድ ጣት ዞረ፤ አለልኝ ልቅቅ።
ካቦውን ከሽፋኑ መዘዘው፤ ዝገት እንደ በርበሬ ረገፈ፤
«ይሄ የወራት ነው» አለ፣ መዳፉን እያራገፈ።
«ተስቦ የከረመ። መመለሻውን ረስቷል።
የት ነበር የቆመችው?»

የት ነበር።
አሥር ወር። ሞጆ። ከወንድሜ ከጉታ አጥር ሥር፤
አባታችን ሲሞት፣ ይቺን ፒክአፕ «ለኔ» «ለኔ» ስንል፣ ዳኛ መሃል ሲኖር።
እግዱ በወጣ ዕለት፣ ሌሊት መጥቼ እንዳልነዳት
የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ሳባት፤
እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስምንት ጊዜ ቀጭ ስትል ቆጠርኳት።
ክረምት ዘነበባት። ከጎማዋ ሥር ሣር በቀለ።
የጉታ ዶሮ እሷ ሥር ታቀፈች፣ ፈለፈለች፤ ጠበቃችን ቀጠሮ አስቀጠለ።
በመጨረሻ ለኔ ፈረዱ። ቁልፉን በሰው ላከልኝ።
ገብቼ እጀታውን ጣልኩት፤ ወረደ፤ ተለቀቀ መሰለኝ።

ይህን ለቡልቻ አልነገርኩትም። «ቆማ ነበር» አልኩ።
እሱም አልጠየቀኝም ልኩ።

አዲስ ካቦ ገባ፣ የቱርክ። ሸራው ከሰል ሆኖ ተጣለ።
ታምቡሩን ሰማያዊ መትቶታል፤ «ይሄስ ይኖራል» አለ።
«ለጊዜው አትሳባት፤ ድንጋይ አድርግላት» ብሎ
ጥቁር ድንጋይ ሰጠኝ፣ ከድንቹ መሃል ጥሎ።

ሒሳቡን ከፍዬ ተናደድኩ። ግማሹ የሱ ነው፣ በሕግም፣ በሐቅም!
ከአሥር ወር ወዲህ ደውዬለት አላውቅም።

ጠራ። ጠራ። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ያፏጫል፤
«ሃሎ» አለ ጉታ። ድምፁ የአባቴን ይመስላል።
ካቦ ልል፣ ብር ልል፣ ግማሽ ልል... «መኪናዋ» አልኩት፣ «ጎማ...»
ዝም አለ። ዶሮ ይሰማኛል ከኋላው።
«የቀኙ ነው?» አለኝ። «የኋላው?»