የመዝገቡ ኅዳግ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ሰማዩ ሳይገረጣ፣
ኪቲዌክን ፈትቼ ከዳርትማውዝ ልወጣ፣
አራቱን ገመዶች በየተራ ሳላላ
አንደኛው እምቢ አለኝ፣ ጨው ቆልፎት ኋላ።
ያንተ ቋጠሮ ነው፤ ከሞትህ ዓመት አልፎ
እጅህን የያዘ፣ በእርጥበት ተቃቅፎ።
በጥርሴ ፈታሁት።

ሬዲዮው ተናገረ፣ ጥድፊያ የለው ድምፁ፤
ሰው ቢሰጥም ባይሰጥም አይለወጥ ገጹ፦
«ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከአራት እስከ አምስት፤
አልፎ አልፎ ዝናብ፤ ጭጋግ በማምሻው ሰዓት።»
ሠላሳ አንድ በጋ ይህን ስሰማ ኖሬ
ለእኔ የተነገረኝ ገና ነው፣ ዛሬ።
አንተ በእርሳስ ስትጽፍ፣ እኔ ሻይ ሳፈላ፣
«ምን አለ?» እልህ ነበር፤ «ደኅና» ትላለህ፤ ሌላ
ቃል አልነበረህም።

ስታርት ፖይንት ስደርስ፣ ከነጩ ማማ ሥር፣
ሁለት ጅረት ተጣልተው ሲገፋፉ ነበር።
ኪቲዌክ አፍንጫዋን ነክራ ታወጣለች፣
እንደ ራሰ ውሻ ትራገፋለች፤
ከታች በጓዳዋ ሹካና ማንኪያዎች ይካሰሳሉ፣
ኩባያዎች ከመንጠቆ ወርደው ይንከባለላሉ።
ሰማያዊው ኩባያህ ተሰበረ። ምን ላድርግ።

ከፕሮል አፍንጫ ወዲያ ባሕሩ ሲበርድ፣
የመሪውን እንጨት አስሬ በገመድ፣
መዝገብህን ገለጥኩ፤ የሳልኮምን ደፍ
በየት በኩል ይሆን አንተ የምታልፍ?
ቀን፣ ሰዓት፣ አቅጣጫ፣ የነፋሱ ጉልበት፤
ቀጫጭን ፊደልህ፣ ቅባት የነካው ወረቀት።
በየገጹ አናት ስማችን በተርታ ይነበባል፤
«አዛዥ፦ ጃጎ። ረዳት፦ ሎዌና» ይላል።
ረዳት! ሠላሳ አንድ በጋ ሸራ የጠቀለልኩ፣
መልሕቅ ያወጣሁ፣ ጭቃውን የጠረግኩ!
ሳቅሁ፤ ትንሽም ተቆጣሁ፤ ገጹን ሳገላብጥ
አንድ ነገር አየሁ፣ ከመስመሩ ሲያመልጥ፤
እጅግ የደቀቀ፣ እንደ ጉንዳን ዱካ፣
በኅዳጉ ጥግ ላይ ተደብቋል ለካ፦

«የሳልኮም ደፍ። ዘግይተናል፣ ውሃው እየጎደለ ነው። ማዕበሉ ቆሟል።
ፈርቻለሁ። ለሎዌና አልነገርኳትም።»

ያን ቀን አስታውሳለሁ፤ ፖም እየላጥሁ ነበር፤
ከፊቴ ጀርባህ ነው፣ ወዲያ የነጣ ዳር።
ታፏጭ ነበር ደግሞ! እኔም አልሁ በሆዴ፦
«እሱ የማይፈራውን እኔ ልፈራ እንዴ?»
ስንት ሌሊት ይሆን፣ በዚያች ጠባብ አልጋ፣
አንተ በግራ በኩል፣ እኔ በቀኝ በኩል፣ ፈርተን ያደርነው እስኪነጋ?

ከጧቱ አራት ሰዓት፣ ሙላቱ ሲጋልብ፣
አረፋ አየሁ በሩቅ፣ ደፉን ዙሪያ ሲከብ።
ሁለት ግንዶች ቆመዋል፣ ቀይና ነጭ፣ ከባሕሩ ዳር፣
አንዱ ዝቅ ብሎ፣ አንዱ ከፍ ብሎ ከተረተር፤
ተለያይተው ካየሃቸው ከመንገድ ወጥተሃል፣
አንዱ ባንዱ ሲጋረድ ያን ጊዜ ቀንቶሃል።
ግራ አልኩ። ቀኝ አልኩ። ትንሽ ግራ።
ሁለቱ አንድ ሆኑ።

ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ የሰማኝ ወፉ ብቻ ነው፦
«ፈርቻለሁ ጃጎ!» ድምፄን ነፋስ ወሰደው።
ማፏጨትም ሞከርኩ፤ ከንፈሬን ጨው ይዞት
ወጣ ትንፋሽ ብቻ፣ ዜማው ውስጥ ቀርቶበት።
አንድ ማዕበል ከኋላ መጣ፤ ከፍ አደረገን፤
ጥቂት አሰበና አሸዋውን አሻገረን።

የወደቡ ልጅ ኮርቢን በጀልባው ብቅ አለ፤
«ብቻዎን ነዎት እንዴ? አዛዡስ የት አለ?»
ከታች ተኝቶ እንደሆን አንገቱን አሰገገ።
«እኔ ነኝ» አልኩት፤
የማደሪያውን ሒሳብ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ማምሻውን ጭጋጉ መጣ፣ ሬዲዮው እንዳለ፤
ከኮረብታው ቤቶች አንድ መብራት ብቻ ተንጠለጠለ።
እርሳስህን ቀረጽኩ፤ በቢላ፤ ጫፉ ሁለቴ ተሰበረ።
«አዛዥ፦ ሎዌና» ብዬ፣ «ረዳት» የሚለው ባዶ ቀረ።
ቀን፣ ሰዓት፣ አቅጣጫ። ከዚያ በኅዳጉ፣
አንተ ካደቀቅኸው ሥር፣ በጉልሁ፣ በወጉ፦

«ፈርቼ ነበር፤ ነገርኩህ።
አንድ ኩባያ ተሰብሯል፣ ሰማያዊ።
ነገ ወደ ፎይ። ነፋሱ ከፊት ነው።»